የባሕር ዳርቻ ሪዞርቶች በጉርምስና ዕድሜ ላሉ ልጆች ምን ያህል ይመቻሉ?

ማረፊያን፣ ምግብንና መዝናኛን በአንድ ክፍያ የሚያቀርቡ የባሕር ዳርቻ ሪዞርቶች «ለቤተሰብ የተመቹ» ተብለው ቢተዋወቁም፣ ከ13 እስከ 18 ዓመት ባሉ ልጆች ዓይን ሲታዩ አገልግሎታቸው ወጣ ገባ ነው። የብዙዎቹ የልጆች ክበብ የሚያስተናግደው እስከ 12 ዓመት ያሉትን ብቻ በመሆኑ፣ ከዚያ በላይ ያሉት ከሕፃናትም ከአዋቂዎችም ሳይሆኑ ቀኑን በስልካቸው ላይ አቀርቅረው ያሳልፋሉ።

ትልቁ ብልጫቸው የውኃ ስፖርት ነው። በተለይ የስኩባ፣ ማለትም በጀርባ በተያዘ የአየር ጋን እየተነፈሱ የመጥለቅ፣ ሥልጠና ልጆቹን እንደ ኃላፊነት ተሸካሚ ስለሚያያቸው እጅግ ይስማማቸዋል፤ ፓዲ (PADI) በተባለው ዓለም አቀፍ የጠላቂዎች አሠልጣኝ ድርጅት ሥርዓት መሠረት ከ12 እስከ 14 ዓመት ያለ ፈቃድ ያገኘ ልጅ ፈቃድ ካለው አዋቂ ጋር እስከ 18 ሜትር መጥለቅ ሲችል፣ 15 ዓመት የሞላው ደግሞ ለአዋቂዎች የሚሰጠውን የጀማሪነት ፈቃድ መያዝ ይችላል። ወላጅም አብሮ ቢሠለጥን መልካም ነው፤ ልጁ ቀድሞት እንደሚያልፍ ግን ከወዲሁ ይወቀው።

የቁርስ ሰዓት ቀላል ጉዳይ ሊመስል ይችላል። ሆኖም በዚህ ዕድሜ የእንቅልፍ ሰዓት በተፈጥሮ ወደ ሌሊት ስለሚገፋና በቀን ለ8 እስከ 10 ሰዓታት ያህል መተኛት ስለሚመከር፣ ቁርስ በማለዳ የሚያበቃበት ሪዞርት የየዕለት ጭቅጭቅ ያተርፋል።

በእኔ ግምት ከሰው መኖሪያ ርቆ የታጠረው ሪዞርት ለዚህ ዕድሜ አይመረጥም፤ ልጆቹ ያለ ወላጅ በእግር ደርሰው የሚመለሱበት ከተማ አጠገቡ ያለው፣ መዋኛው አነስ ቢል እንኳ፣ ይሻላል። ክፍል ከመያዝ በፊት የልጆች ክበቡን የዕድሜ ገደብና ተጨማሪው አልጋ ለአዋቂ ቁመት የሚበቃ መሆኑን በጽሑፍ መጠየቅ ያስፈልጋል።