የጋዝ ሊዝ ውላችንን የመረመረልን የጠበቃ ቢሮ፦ የአገልግሎት ግምገማ

በአሜሪካ፣ በፔንስልቬንያ ግዛት ሰሜን ምሥራቅ በሚገኘው 50 ኤከር መሬታችን ሥር ያለውን የተፈጥሮ ጋዝ ለማውጣት አንድ ኩባንያ ወኪሉን ልኮ የሊዝ ውል እንድንፈርም ጠየቀን። ወኪሉ ጨዋና ንግግር አዋቂ ነበር፤ ውሉን ግን እኔና ባለቤቴ ሁለት ጊዜ አንብበን በሚገባ የተረዳነው በመጀመሪያው ገጽ ላይ የተጻፈውን የፊርማ ክፍያ ብቻ ነው። ስለዚህ በነዳጅና በጋዝ ውሎች ላይ ብቻ የሚሠራ አነስተኛ የጠበቃ ቢሮ ቀጠርን። የቢሮውን ስም አልጠቅስም፤ ተመሳሳይ ጥያቄ የቀረበለት ባለመሬት ከማንኛውም ጠበቃ ምን መጠበቅ እንዳለበት ቢያውቅ ይበልጥ ይጠቅመዋል ብዬ አምናለሁ።

ለቢሮው የምንከፍለው ገንዘብ አስቀድሞ የተቆረጠ ነበር። ካነጋገርናቸው መካከል ከፊርማ ክፍያው ላይ በመቶኛ የሚጠይቁ ጠበቆችም ነበሩ፤ እነዚህን የተውናቸው እንዲህ ያለ ጠበቃ የፊርማ ክፍያውን ከፍ ለማድረግ እንጂ ለዐሥርተ ዓመታት የሚያስሩንን አንቀጾች ለማስተካከል ብዙ ምክንያት ስለማይኖረው ነው።

ቢሮው ዋጋውን ያስመሰከረው በመጀመሪያው ሥራው ነው። የኩባንያው ወኪል በካውንቲው መዝገብ ቤት ባገኘው አሮጌ የሽያጭ ሰነድ ላይ የቀድሞው ሻጭ «ማዕድናትን ሁሉ» ለራሱ እንዳስቀረ ጠቅሶ፣ ጋዙ የእኛ መሆኑ አጠራጣሪ ስለሆነ የቀረበው ዋጋ ሊቀንስ እንደሚገባ ነግሮን ነበር። በአሜሪካ የመሬቱ ገጽና ከሥሩ ያለው ሀብት የተለያዩ ባለቤቶች ሊኖሯቸው ስለሚችሉ ሥጋታችን ቀላል አልነበረም። ጠበቃው ግን ሰነዱን ካነበበ በኋላ፣ በፔንስልቬንያ እ.ኤ.አ. በ1882 በደንሃምና በከርክፓትሪክ ክርክር የተሰጠውን ውሳኔ አስረዳን፦ ሰነዱ ነዳጅን ወይም ጋዝን ለይቶ እስካልጠቀሰና ጠንካራ ተቃራኒ ማስረጃ እስካልቀረበ ድረስ፣ «ማዕድናት» የሚለው ቃል እነርሱን እንደማይጨምር ይቆጠራል። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህ ደንብ ማርሴለስ ሼል ከተባለው የመሬት ውስጥ የድንጋይ ንጣፍ ለሚወጣው፣ ሼል ጋዝ ለሚባለው ጋዝም እንደሚሠራ በ2013 አጽንቷል። ጠበቃው ይህንን በደብዳቤ ካሳወቀ በኋላ የዋጋ ቅነሳው ጉዳይ ዳግመኛ አልተነሣም።

ሁለተኛውና ከባዱ ጉዳይ ሮያሊቲው፣ ማለትም ከጋዙ ሽያጭ ለባለመሬቱ የሚከፈለው ድርሻ ነበር። በ1979 የወጣው የግዛቱ ሕግ ባለመሬቱ ከምርቱ ቢያንስ አንድ ስምንተኛ፣ ማለትም 12.5 በመቶ እንዲያገኝ ያዛል፤ ኩባንያው ያቀረበልንም ይህንኑ ዝቅተኛ መጠን ነው። ጠበቃው ተከራክሮ 18 በመቶ አደረሰው። ልዩነቱን በቁጥር ስላሳየን ላካፍላችሁ፦ መሬታችን በሙሉ 640 ኤከር ባለው የምርት ክልል (የጎረቤታሞች መሬት ተጣምሮ ገቢው በየመሬታቸው ስፋት በሚከፋፈልበት ክልል) ውስጥ ቢገባ፣ ከዚያ ክልል ከሚሸጥ የ100,000 ዶላር ጋዝ የእኛ ድርሻ በ12.5 በመቶ 977 ዶላር ያህል፣ በ18 በመቶ ደግሞ 1,406 ዶላር ያህል ነው።

ይሁን እንጂ ከመቶኛው ይልቅ ወሳኙ የተቀናሽ ወጪዎች አንቀጽ መሆኑን የተረዳነው በእርሱ ማብራሪያ ነው። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2010 በሰጠው ውሳኔ መሠረት፣ ኩባንያው ጋዙን ለማድረቅ፣ ለማመቅና ለማጓጓዝ የሚያወጣውን ወጪ በየድርሻው ከባለመሬቱም ላይ አንሥቶ ሮያሊቲውን ማስላት ይችላል፤ ስለዚህ የጋዝ ዋጋ ሲወርድ 12.5 በመቶ ተብሎ የተጻፈው በእጅ ሲገባ እጅግ ያነሰ ሊሆን ይችላል። ጠበቃው ማንኛውም ቅናሽ እንዲቀር ጠይቆ ነበር። ያገኘነው መካከለኛውን ነው፦ ጋዙ ለገበያ ከበቃ በኋላ የሚወጣ ወጪ የሚቀነሰው የእኛን ገቢ በእርግጥ ከፍ ካደረገ ብቻ ነው። ሙሉ ድል ባይሆንም በዚህ ውጤት ረክተናል።

የውሉ የመጀመሪያ ዘመን 5 ዓመት ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ምርት እስካለ ድረስ ይቀጥላል። ኩባንያው መጀመሪያ ባቀረበው ውል ከመሬታችን 10 ኤከር ብቻ በምርት ክልል ውስጥ ቢገባ፣ የቀረው 40 ኤከር ምንም ጉድጓድ ሳይደርሰው ለዘመናት ታስሮ ይቆይ ነበር። «የፒው አንቀጽ» የሚባለው ከክልሉ ውጭ የቀረውን መሬት 5ቱ ዓመት ሲያበቃ ነፃ ስለሚያወጣ፣ እርሱን ማስገባቱ ብቻ የከፈልነውን ገንዘብ ያወጣል።

ቅሬታዬ በውኃ ጉዳይ ላይ ነው። የምንጠጣው ከራሳችን ጉድጓድ ነው፤ ጠበቃው ግን እኛ እስክንጠይቀው ድረስ ስለ ውኃው አንድም ቃል አላነሣም። በ2012 የወጣው ሕግ በሼል ጋዝ ቁፋሮ ሥራው ከተጠናቀቀ በኋላ ባሉት 12 ወራት ውስጥ፣ ከጋዝ ጉድጓዱ 2,500 ጫማ፣ ማለትም 762 ሜትር ያህል ርቀት ድረስ ለሚበከል የመጠጥ ውኃ፣ ተቃራኒው እስካልተረጋገጠ ድረስ ተጠያቂ የሚያደርገው ኩባንያውን ነው። ነገር ግን ባለመሬቱ ከቁፋሮ በፊት ውኃው እንዳይመረመር ከከለከለ ኩባንያው ይህንኑ መከላከያ አድርጎ ሊያቀርብ ይችላል። ይህንን የማያውቅ ሰው እንግዳ ወደ ግቢዬ አይግባ ብሎ መብቱን በገዛ እጁ ሊያጣ ስለሚችል፣ ማስጠንቀቂያው በመጀመሪያው ቀን ሊሰጠን ይገባ ነበር። በኋላ ምርመራው በገለልተኛ ቤተ ሙከራ፣ በኩባንያው ወጪ እንዲደረግ በውሉ ተጨምሯል።

በሁለት ሳምንት ያልቃል የተባለው ሥራም አምስት ሳምንት ፈጅቷል። ወኪሉ የተሰጠን ጊዜ እያለቀ መሆኑን እየደወለ ሲያስታውሰን ተጨንቀን ነበር፤ የተባለው ቀን አለፈ፣ ኩባንያው ግን ጥያቄውን አልሰረዘም። ስለ ግብር የሒሳብ ባለሙያ ጠይቁ ከማለት ያለፈ ምክር አልተሰጠንም።

ውሉን ፈርመናል። በካውንቲው የሚመዘገበው አጭር ማስታወሻው ብቻ በመሆኑ፣ ሙሉው ውል ከነማሻሻያዎቹ በእጃችን መኖሩን ቢሮው አረጋግጦ ሁለት ቅጂ ሰጥቶናል። ውሉን ለማደስ የምንጠየቅበት ቀን ከመጣ ወደዚሁ ቢሮ እንመለሳለን፤ ያን ጊዜ ግን ከሁሉ አስቀድመን የምናነሣው የውኃችንን ጉዳይ ይሆናል።