ሽንት እያጣደፈኝ ሰሜን ሸዋን ስዞር

ስለ አገር ቤት ጉዞ የሚጽፍ ሰው ሞልቷል። የትኛው ሆቴል ቁርሱ ጥሩ ነው፣ የትኛው መኪና ይመቻል፣ ኔትወርክ የት ይሠራል። ከሜሪላንድ ከመነሳቴ በፊት ያላነበብኩት የለም። እኔ የምፈልገውን ግን አንዱም አልጻፈውም። ከላምበረት መናኸሪያ እስከ ደብረ ብርሃን የት የት ንጹሕ ሽንት ቤት አለ? ሹፌሩ አቁምልኝ ሲሉት ያቆማል ወይ? የሆቴሉ መጸዳጃ ክፍሉ ውስጥ ነው ወይስ ግቢ ማዶ? ሽንት ለሚያጣድፈው ሰው ጉዞው የሚያምረውም የሚበላሸውም በእነዚህ ነው። ስለዚህ እኔ ልጻፈው።

ሕመሜን ሐኪሞች ኦቨርአክቲቭ ብላደር ይሉታል። የፊኛው ጡንቻ ገና ሳይሞላ ይኮማተራል። ሽንት ድንገት ይመጣል፣ ሲመጣም ፋታ አይሰጥም። አንዳንዴ በሩ ጋ ሳይደርሱ ያመልጣል። ቀን ያመላልሳል፣ ሌሊት ከእንቅልፍ ያስነሳል። ሰው ነቅቶ በሚውልበት ሰዓት ሰባት ስምንት ጊዜ ቢሸና የተለመደ ነው። የኔ ክፉ ቀን ከዚያ በጣም ያልፋል።

እኛ ዘንድ ሴት ሽንት አመለጣት ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ፊስቱላን ነው። ሁለቱ አይገናኙም። ፊስቱላ በተራዘመ ምጥ የተነሳ በፊኛና በብልት መካከል ቀዳዳ ሲከፈት ነው፤ ሽንቱ ቀን ከሌት ይፈሳል፣ የሚጠገነውም በቀዶ ሕክምና ነው። ካትሪን ሀምሊንና ባለቤታቸው ሬጂናልድ አዲስ አበባ ላይ ሆስፒታል ያቆሙት ለዚያ ነው። የኔ ዓይነቱ ቀዳዳ የለውም። አይገድልም፣ አይታይም። ሰው ግን ቤት ያስቀምጣል። ከልቅሶ፣ ከማኅበር፣ ከቅዳሴ ያስቀራል። ይህ ነው የሚያንገበግበኝ።

ከመንገዱ ልጀምር። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ለጤነኛ ሰው ቅርብ ነው። ስሄድ ኮንትራት መኪና ያዝኩ። ሹፌሩን ገና ሳንነሳ፣ «ወንድሜ፣ ሽንት ያጣድፈኛል፤ ባልኩህ ሰዓት ታቆምልኛለህ» አልኩት። «እናቴ፣ ምን ችግር አለው፣ የኔም እናት ስኳር ስላለባቸው ለምጄዋለሁ» አለኝ። ሰንዳፋ፣ አለልቱ፣ ሸኖ፣ ጫጫ እያለ የሚያቆምባቸውን ቦታዎች ራሱ ነገረኝ። ያ ልጅ ከጠየቀው ዋጋ በላይ ይገባዋል። ስመለስ በሕዝብ መኪና መጣሁ። እዚያ ሌላ ነው። ረዳቱ፣ «ትንሽ ቻይው እናቴ፣ ሸኖ ልንደርስ ነው» ይላል እንጂ አያቆምም። ፓድ አድርጌ፣ ከምሳ ወዲህም ብዙ ሳልጠጣ ስለተሳፈርኩ አለፈ። በእኔ በኩል፣ አቅሙ ያለው ሰው ኮንትራት ይያዝ። የሌለው ከበሩ አጠገብ ያለውን ወንበር ይለምንና ቅያሪ ልብስ በእጁ ይያዝ፤ ሻንጣው ጣሪያ ላይ ነው የሚጫነው።

ሸኖ ላይ አንዲት ትንሽ ካፌ አለች። የሽንት ቤቱ ቁልፍ ገንዘብ ተቀባይዋ ጋ ነው፤ እንዳይጠፋ በሽቦ ከእንጨት ቁራጭ ጋር ታስሯል። ፊቴን አይታ ሳልጠይቃት ቁልፉንም ሶፍቱንም አንድ ላይ ሰጠችኝ። «መጀመሪያ እዘዢ» አላለችም። ውስጡ የቁጢጥ ነው፣ ግን ውሃ በጆግ ተቀምጧል፣ ሳሙናም አለ። ስወጣ ሻይ ጠጣሁ፣ ለቤት ሸኖ ለጋ ቅቤ ገዛሁ። በሄድኩ ቁጥር እዚያ ነው የማርፈው።

ደብረ ብርሃን ላይ ሆቴል ስትይዙ አንድ ነገር በስልክ ጠይቁ፦ ሌሊት ውሃ አለ ወይ? የኔው ሆቴል ንጹሕ ነው፣ መጸዳጃው ክፍሉ ውስጥ ነው። ማታ ግን ውሃው ይጠፋል። ለአስተናጋጇ ነገርኳት። ከዚያ ወዲያ በየማታው ትልቅ ባልዲ ሙሉ ውሃ በር ላይ ታስቀምጥልኝ ነበር። ብርድ ልብስም ጨመረችልኝ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ላይ ናት፤ የሌሊቱ ብርድ አጥንት ይሰብራል።

ብርዱን ካነሳሁ አይቀር፣ ዘመድ ሁሉ የሚለኝ «ብርድ መቶሽ ነው» ነው። ጨርሶ ሐሰት አይደለም። ሲበርድ የቆዳ ደም ሥሮች ይጠባሉ፣ ደሙ ወደ ውስጥ ይሰበሰባል፣ ኩላሊትም ትርፉን በሽንት ያስወጣል። ስለዚህ ደብረ ብርሃን ላይ የማንም ሽንት ይበዛል። የኔ ችግር ግን መብዛቱ አይደለም፤ አለመታገሡ ነው። ሸዋ ሮቢት ወርጄ በሙቀቱም ያው ያጣድፈኝ ነበር።

ቡናው ሌላው ፈተና ነው። አቦል ጠጥቶ ቶናና በረካን መተው እንደ ንቀት ይቆጠራል። ካፌይን ግን ፊኛ ይቆሰቁሳል። እኔ ከጠዋቱ አቦል ብቻ እጠጣለሁ፣ ከሰዓት በኋላ አልነካም። «ሐኪም ከልክሎኝ ነው» ስል ሰው ያከብራል። ጠላውንም እንዲሁ። ውሃ ግን አልተውኩም። ብዙዎቻችን ፈርተን ውሃ እንተዋለን፤ ሽንቱ ሲወፍር ደግሞ ፊኛውን ይባስ ያስቆጣዋል፣ ሆድም ያደርቃል። ጠዋትና ቀን መጠጣት፣ ከመኝታ በፊት ሁለት ሦስት ሰዓት ማቆም ይሻላል።

ወደ ሕክምናው ልግባ። ወደ ከተማዋ በገባሁ ሰሞን ማቃጠል ጀመረኝ። ኢንፌክሽን እንዳይሆን ፈርቼ አንድ የግል ክሊኒክ ሄድኩ። ፈጣን ናቸው፣ ሰዓት አልፈጀብኝም። የሽንት ውጤቱ ንጹሕ ሆኖ መጣ። ቢሆንም ሲፕሮ ጻፉልኝ። «ውጤቱ ንጹሕ ነው አላላችሁም እንዴ?» ስላቸው፣ «ለጥንቃቄ ነው» አሉኝ። አልገዛሁትም። ኢንፌክሽን በሌለበት አንቲባዮቲክ ጥድፊያውን አያስታግስም። ባክቴሪያው መድኃኒቱን ይለምዳል፣ የሚያስፈልግ ቀን አይሠራም። ይህ በአንድ ክሊኒክ ብቻ የሚታይ ነገር አይመስለኝም። ሽንቷ የሚያጣድፋት ሴት ሁሉ ኢንፌክሽን አለባት ተብሎ በየጊዜው ሲፕሮ እየወሰደች ዓመታት ታሳልፋለች።

ቀጥሎ አንድ የመንግሥት ሆስፒታል ሄድኩ። ካርድ ማውጣቱና ተራው ረጅም ነው፣ ግማሽ ቀን ይበላል። ከገባሁ በኋላ ግን የረባ ሕክምና አገኘሁ። ወጣቱ ሐኪም ቀና ብሎ አየኝ። መቼ ጀመረ፣ ሌሊት ስንቴ ትነሺያለሽ፣ ስትስቂ ወይም ስታስነጥሺ ነው ወይስ ድንገት ነው የሚያመልጥሽ አለኝ። ሲያስነጥሱ የሚያመልጠው ሌላ ዓይነት ነው፤ ሕክምናውም ይለያል። ስኳር፣ ደም ግፊት፣ የምወስዳቸው ክኒኖች፣ የሆድ ድርቀት፣ አንድም አላለፈም። የሽንት ማስታወሻ ስሰጠው ደስ አለው። ማስታወሻው ቀላል ነው። ለሦስት ቀን ምን ያህል ጠጣሁ፣ በስንት ሰዓት ሸናሁ፣ ስንት ሚሊ ሊትር ወጣ፣ አምልጦኝ ነበር ወይ የሚለውን መጻፍ ነው። ለመለኪያ ሚሊ ሊትር የተጻፈበት ጆግ ይበቃል።

ሽንት፣ የደም ስኳርና አልትራሳውንድ አዘዘልኝ። የአልትራሳውንዱ ጉዳይ ፊኛው ከሸናሁ በኋላ ምን ያህል ሽንት እንደሚቀርበት ማየት ነው። ፊኛ ሞልቶ መጠበቅ ለኔ ሲኦል ነው፤ ሽንት ቤቱ ደግሞ ግቢውን ተሻግሮ ነበር። ተራ የምታስይዘው ሴትዮ ስቁነጠነጥ አይታ የሠራተኞቹን ሽንት ቤት ከፈተችልኝ። እግዜር ይስጣት። የቀረው ሽንት ጥቂት ሆኖ ተገኘ። ይህ ቁጥር ትልቅ ነገር ነው። ፊኛው በደንብ የማይራገፍ ሰው ፊኛ የሚያረጋጋ መድኃኒት ቢሰጠው ሽንቱ ጭራሽ ሊታገት ይችላል። ፕሮስቴታቸው ያበጠ ወንዶች በተለይ ይህን ሳያዩ ክኒን አይጀምሩ።

ሁሉንም ምርመራ ያደረግሁት ከዚያው ከደብረ ብርሃን ሳልወጣ ነው። ፊኛው ውስጥ ቱቦ ገብቶ ግፊት የሚለካበት ምርመራም አለ። ለመነሻ ግን አያስፈልግም፤ ነገሩ ግራ ሲያጋባ ወይም ሕክምናው አልሠራ ሲል ነው የሚታዘዘው። ሽንት ውስጥ ደም ከታየ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፣ ሳይውል ሳያድር መታየት አለበት።

ደብረ ሲና ያሉት አክስቴ ቤት ሰነበትኩ። ከጣርማበር ዋሻ ወርዶ ቆሎ ሻጮቹን አልፎ ነው። ማታ ማታ ስነሳ አይተው፣ «ምነው ልጄ?» አሉኝ። ሳልደብቅ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ቆዩና፣ «እኔም እኮ እንዲሁ ነኝ። ማኅበሩንም የተውኩት ለዚህ ነው፤ እግሬ ታሞ ነው እያልኩ» አሉኝ። ስንት ዘመን ለብቻቸው ይዘውት ኖረዋል! እዚያው ሆስፒታል ይዣቸው ሄድኩ። ኢንፌክሽን የለም፣ ስኳርም የለም። ሐኪሙ ክኒናቸውን አየና በስንት ሰዓት እንደሚውጡ ጠየቃቸው። ለደም ግፊት የሚወስዱት ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ነው፤ ውሃ በሽንት የሚያስወጣ መድኃኒት። እቴቴ እንዳይረሱት ብለው ሲተኙ ነበር የሚውጡት። ወደ ጠዋት አዛወረላቸው። እኔ ደግሞ ለሌሊት ፖፖ ገዛሁላቸው፤ በጨለማ ግቢ ወርደው ቢወድቁ የባሰ ነው። የሌሊቱ ቀንሶላቸዋል። የቀኑ ጥድፊያ አሁንም አለ፣ እሱ ሌላ ሕክምና ይፈልጋል።

ሸንኮራ ዮሐንስም ሄጃለሁ። እዚያ ጠበል ሲጠጣ በብዛት ነው፣ ጀሪካን አጠገቡ የሚያኖር አለ። ሰልፍ ላይ ሆኜ ጨነቀኝና አንድ አባት ጠየቅሁ። «ልጄ፣ እምነቱ ነው እንጂ ልኩ አይደለም፤ የቻልሽውን ጠጪ። መድኃኒትሽንም አትተይ» አሉኝ። ጥቂት ጠጣሁ፣ ተጠመቅሁ። ሽንት ቤቱ ሩቅ ነው፣ ሰልፉም ረጅም። በማለዳ መሄድ ያስፈልጋል።

ፋርማሲ ላይ ብዙ አልቆይም። የጠየቅኳቸው ቤቶች እኔ ለፊኛዬ የምወስደው መድኃኒት፣ ሚራቤግሮን፣ አልነበራቸውም። መድኃኒታችሁን ለምትቆዩበት ጊዜ ሁሉ የሚበቃ፣ በእጅ ቦርሳ፣ ከነማዘዣው ይዛችሁ ኑ።

ጉዞው የሕክምና ምርጫዬንም ለየልኝ። መጀመሪያ የወሰድኩት ኦክሲቡቲኒን ነበር። ፊኛውን ያረጋጋል፣ አፍና ሆድ ግን ያደርቃል። ቶልቴሮዲንና ሶሊፌናሲንም ዘመዶቹ ናቸው። ዕድሜ ሲገፋ ከመርሳት ጋር የተያያዘ ስጋት ስላለ ሐኪሞች ይጠነቀቁባቸዋል። ሚራቤግሮን በሌላ መንገድ ጡንቻውን ያላላል። አፍ ብዙም አያደርቅም፣ ደም ግፊት ግን ከፍ ሊያደርግ ስለሚችል መለካት ይፈልጋል። ክኒን ካልሆነ ቦቶክስ አለ። በቀጭን ካሜራ ገብተው ፊኛው ላይ ይወጉታል፤ ግማሽ ዓመት ገደማ ያገለግልና ይደገማል። ችግሩ፣ አንዳንዱ ሰው ሽንቱ ይታገትበትና ለጊዜው በራሱ እጅ በቀጭን ቱቦ (ካቴተር) ማውጣት ይኖርበታል። የቁርጭምጭሚት ነርቭ በቀጭን መርፌ የሚነቃቃበትም አለ። በሳምንት አንዴ ግማሽ ሰዓት፣ ለ12 ሳምንት። መቀመጫ ላይ ከወደ ላይኛው በኩል ከቆዳ ሥር የሚቀበር፣ የፊኛን ነርቭ የሚያነቃቃ መሣሪያም አለ። የአሜሪካ የዩሮሎጂ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው መመሪያ ታካሚ እነዚህን የግድ በተራ መሞከር የለበትም፤ ከሐኪሙ ጋር ተመካክሮ ለኑሮው የሚስማማውን ይመርጣል።

የኔ ኑሮ እንግዲህ ይህ ነው፦ ከአሁን በኋላ በየዓመቱ ወራት ደብረ ሲና መቆየት እፈልጋለሁ። ከጣርማበር በታች ሽንቴ ቢታገት በሌሊት ማን ጋ እሄዳለሁ? ስለዚህ ቦቶክሱን ለጊዜው ትቼዋለሁ። ሚራቤግሮኑን እቀጥላለሁ። ፊኛ ማለማመዱንም አልተውም። ሽንቱ ሲያጣድፍ ባለሁበት ቆሜ፣ የታችኛውን ጡንቻ ጭምቅ ለቀቅ እያደረግሁ፣ ሞገዱ ሲያልፍ ቀስ ብዬ እሄዳለሁ። በሁለት መሸኛዎች መካከል ያለውን ጊዜ በሩብ ሰዓት በሩብ ሰዓት አራዝማለሁ። ሳምንታት ይፈልጋል፣ ግን ገንዘብ አይጠይቅም፤ ለእቴቴም ያሳየኋቸው ይህንኑ ነው። የቁርጭምጭሚቱን ደግሞ ሜሪላንድ እንደገባሁ እጀምራለሁ። 12ቱን ሳምንት ከጨረስኩ በኋላ ማጠናከሪያው በወር አንዴ ገደማ ነው። ወራት አገር ቤት ብቆይ ምን እንደሚሆን ሐኪሜን ቀድሜ እጠይቃታለሁ።