ራሴ የሠራሁት የቲዩብ ቤዝ ፕሪአምፕ፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

ቲዩብ (የድሮ ሬዲዮ ውስጥ ያለው፣ አምፖል የሚመስል የመስታወት ማጉያ) ያለበት የቤዝ ፕሪአምፕ ፔዳል፣ ማለትም የቤዝ ጊታሩን ሲግናል ከዋናው አምፕሊፋየር በፊት የሚያጎላ ሳጥን ሠርቼ ከፋሲካ በፊት ጀምሮ እየተጫወትኩበት ነው። የዳግማይ ትንሣኤ ሰሞን ሰርጎችን፣ የክረምቱን የሬስቶራንት ምሽቶች፣ የጥርን ሰርግ፣ እሁድ እሁድ ደግሞ ቸርችን አብሮኝ አሳልፏል። ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ድምፁ ነው። እኔና ይህ ሳጥን የተጨቃጨቅነው ግን ከሞላ ጎደል በኃይል ጉዳይ ብቻ ስለሆነ፣ ጽሑፌም ወደዚያው ያዘነብላል።

ሰርኪዩቱ የእኔ ፈጠራ አይደለም። ቤዚስቶች የሚያውቁት የካሊፎርኒያው አሌምቢክ ኤፍ-2ቢ የሄደበት መንገድ ነው፤ እሱም ከፌንደር አምፕሊፋየሮች የመግቢያ ክፍል የተወሰደ ነው። በውስጡ ሁለት ትራዮድ (ሁለት የማጉያ ክፍል) ያለው አንድ 12ኤኤክስ7 ቲዩብ አለ። የመጀመሪያው የጊታሩን ሲግናል ያጎላል፣ ከዚያ የባስ፣ የሚድና የትሬብል ማስተካከያው ይመጣል፣ ማስተካከያው የበላውን ሁለተኛው ትራዮድ ይመልሳል፣ መጨረሻ ላይ ቮልዩም። በቃ፣ ይኼው ነው። ዕቃዎቹን የአክስቴ ልጅ ከዋሽንግተን ስትመጣ በሻንጣዋ ይዛልኝ መጣች። ኪቱ (የዕቃዎቹ ጥቅል) ለሊድ ጊታር የታሰበ ስለነበር ሳልሰካው በፊት አንድ ነገር ቀየርኩ፦ ከመጀመሪያው ትራዮድ ካቶድ (ኤሌክትሮን ከሚለቀው ክፍል) ጋር የሚያያዘው ካፓሲተር 0.68 ማይክሮፋራድ ነበር። በዚያ ዋጋ ከ200 እስከ 300 ኸርዝ በታች ያለው ጉልበት ይሳሳል። የቤዝ የታችኛው ኢ 41 ኸርዝ ገደማ ነው። 22 ማይክሮፋራድ ሲገባበት ሁሉም ነገር ታች ድረስ እኩል ይጎላል። በሁለቱ ትራዮዶች መካከል ያለው 22 ናኖፋራድ ካፓሲተር ግን ከ1 ሜጋኦም ጋር ሲሠራ እስከ 7 ኸርዝ ስለሚወርድ አልነካሁትም።

ድምፁን ባጭሩ ልበል። የፌንደር ቶን ማስተካከያ ሁሉንም ቁልፍ መሃል ላይ ብታደርጉት ቀጥ ያለ ድምፅ አይሰጥም፤ ሚዱን ቆፍሮ ይቀንሰዋል። ቀጥ ወዳለው ለመቅረብ ባስና ትሬብሉን ወደ ታች አውርዶ ሚዱን እስከ መጨረሻ መክፈት ነው። ሰርግ ላይ የምጫወተው በዚህ አቀማመጥ ነው። ምክንያቱም እዚያ ከበሮው ታችኛውን ክፍል ይዞታል፣ ኪቦርዲስቱም በግራ እጁ ቤዝ መደረቡን አይተውም (ስንቴ ነገርኩት!)፤ ቤዝ ጊታር ሊሰማ የሚችለው ሚዱ ላይ ብቻ ነው። ምሽት ላይ ትዝታ ስንጫወት ባሱን ከፍ አድርጌ ሚዱን ትንሽ እቀንሳለሁ። ጠንከር አድርጌ ስመታ ጠርዙ ይለሰልሳል እንጂ አይሰነጠቅም። ይህ ልስላሴ ከቲዩቡ ብቻ የሚመጣ ይመስለን ነበር፤ ዋናው ምክንያት ግን ቲዩቡ የተሰጠው ቮልቴጅ ነው።

ገበያ ላይ ቲዩብ አለበት ተብለው ከሚሸጡ ርካሽ ፔዳሎች ብዙዎቹ ፕሌቱን (የጎላው ሲግናል የሚወጣበትን የቲዩቡን ክፍል) በ9 ወይም በ12 ቮልት ያሠሩታል። ከሥሩ ብርቱካናማ ኤልኢዲ ተተክሎለት ያምራል። ሲግናሉ ግን ወደ ላይም ወደ ታችም የሚፈናፈንበት ቦታ ስለሌለው ቶሎ ይቆረጣል። ዲስቶርሽን ለሚፈልግ ጊታሪስት ሊመቸው ይችላል፤ ቤዝ ላይ ግን ኖታው ይታፈናል። የእኔው ላይ አቅርቦቱ 235 ቮልት ነው፤ ከማጣሪያው በኋላ 205 አካባቢ ይደርሳል። ቴስተር ሳስገባ ፕሌቱ 135 አካባቢ፣ ካቶዱ ደግሞ ከ1 ቮልት ትንሽ በላይ ያሳያል። ጤነኛ ቁጥር ነው።

ታዲያ 235 ቮልት እግር ሥር ካለች ሳጥን ውስጥ ከየት ይመጣል? መንገዱ ሁለት ነው። አንደኛው ሁለት ትራንስፎርመር ጀርባ ለጀርባ ማያያዝ ነው፦ አንዱ 220ን ወደ 12 ያወርዳል፣ ሌላው 12ን መልሶ ወደ 220 ያወጣል፣ ከዚያ በዳዮድ ተስተካክሎ ከፍ ያለ ዲሲ ይሆናል። ንጹሕ ነው፣ አያፏጭም። ግን ከባድ ነው፤ ከሁሉም በላይ የመስመሩን ቮልቴጅ ተከትሎ ይወጣል ይወርዳል። ማታ ማታ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲጥድ መስመሩ ምን ያህል እንደሚወርድ፣ የሰርግ ጄኔሬተር ደግሞ ስንት እንደሚያወጣ ታውቃላችሁ። መስመሩ ሲወርድ የቲዩቡ ክርም (ውስጡን የሚያሞቀው ሽቦ) ፕሌቱም አብረው ይወርዳሉ።

ስለዚህ ሁለተኛውን መረጥኩ። 12 ቮልት ዲሲ ይገባል፣ ኒክሲ ቲዩብ (ቁጥር የሚያበራ የመስታወት ቲዩብ) ላላቸው ሰዓቶች የሚሠራ ዓይነት ትንሽ የቡስት ቦርድ ከፍ ያደርገዋል፣ የቲዩቡ ክር ደግሞ በቀጥታ ከ12 ቮልቱ ይወስዳል። ከግድግዳው የሚመጣው አዳፕተር ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል መስመሩ ቢወርድም ግድ አይሰጠውም። ጠቅላላ የሚወስደው ወደ 230 ሚሊአምፔር ነው፤ ከዚህ ውስጥ 150ው የክሩ ብቻ ነው። ክሩ ቀዝቃዛ ሳለ ግን ለአፍታ የዚህን ብዙ እጥፍ ይጎትታል። ለዚህ ነው 100 ሚሊአምፔር ከሚሰጠው የፔዳል ማከፋፈያ ላይ ሰክተው “አልሠራም” የሚሉኝ። 1 አምፔር ያለው አዳፕተር ያስፈልገዋል።

እንዲህ ያለ አዳፕተር በየቤቱ አለ፤ የዋይፋይ ራውተሩ። መሰኪያውም ልክ ይገባል። ነገር ግን የራውተር አዳፕተር አብዛኛውን ጊዜ መሃሉ ፖዘቲቭ ነው፣ የፔዳል ልማድ ደግሞ መሃሉ ኔጌቲቭ ነው። ተገልብጦ ቢሰካ እንዳይቃጠል መግቢያው ላይ አንድ ሾትኪ ዳዮድ (ጥቂት ቮልት ብቻ የሚበላ የዳዮድ ዓይነት) በተከታታይ አስገብቻለሁ። 0.4 ቮልት ገደማ ይበላል፤ ክሩ 11.6 ያገኛል። የቲዩቡ ክር የተሠራው ለ12.6 ቮልት ሲሆን አሥር በመቶ ከፍና ዝቅ ይፈቀድለታል፤ ማለትም እስከ 11.3። ከአራት ዳዮድ የተሠራ ብሪጅ ቢሆን ኖሮ በየትኛውም በኩል ይሰካ ነበር፣ ግን ከ1 ቮልት በላይ ስለሚወስድ ክሩ ከወሰኑ በታች ይወርዳል።

አሁን ወደ ዋናው ችግር። ቲዩብ እስኪሞቅ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ይፈልጋል። ቤት ውስጥ ምንም አይደለም። ሰርግ ላይ ግን መብራት ይጠፋል፣ ጄኔሬተሩ ይነሳል፣ ሳውንድ ሲስተሙ ይመለሳል፣ ድራመሩ ይቆጥራል፣ የእኔ ቲዩብ ገና እየሞቀ ነው። ግማሽ ደቂቃ መድረክ ላይ ስንት እንደሆነ ያየ ያውቀዋል። ሙሽሮቹ ጭፈራ ላይ ናቸው፣ እኔ ድምፅ የማይወጣው ጊታር ይዤ እጄን አንቀሳቅሳለሁ።

መፍትሔው ከዩፒኤስ ውስጥ የወጣች 12 ቮልት 7 አምፔር-ሰዓት ባትሪ ሆነች። ሙሉ ሆና ስታርፍ 12.7 አካባቢ ናት፣ ማለትም ቲዩቡ የሚፈልገው ቁጥር። ይህም በአጋጣሚ አይደለም፤ 6.3 ቮልትና እጥፉ የተለመዱት የድሮ መኪና ሬዲዮኖች ከመኪና ባትሪ ይሠሩ ስለነበር ነው። በዚህ ፍጆታ ባትሪዋ ሌሊቱን ሙሉ ትበቃኛለች፣ ተርፏትም ቤት ትገባለች። መብራት ቢጠፋ ቲዩቡ እንደጋለ ይቆያል፤ ሲስተሙ ሲመለስ እኔም አለሁ። ያልጠበቅኩት ጥቅምም መጣ፦ ከኪቦርዱና ከላፕቶፑ ጋር አንድ ሶኬት ላይ ስሰካ የነበረው የ50 ኸርዝ እርግማን፣ ያ ከመብራት መስመሩ የሚመጣው ጉርምርምታ፣ ጭራሽ ጠፋ። አንድ ጥንቃቄ ግን አላት። ቻርጅ እየተደረገች መጫወት አይቻልም፤ ያኔ ከ14 ቮልት በላይ ስለምትወጣ የክሩን ዕድሜ ታሳጥራለች።

የቡስት ቦርዱ ነገር ሌላ ታሪክ ነው። ትዊተር (ቀጭን ድምፅ የሚያወጣ ትንሽ ስፒከር) በሌለው የቤዝ ካቢኔት ላይ ጸጥ ያለ ነው። ቸርች ውስጥ በዲአይ (የጊታርን ሲግናል ለሚክሰር በሚያመቻች ሳጥን) አድርጌ ሚክሰር ላይ ስገባ ግን ሳውንድ ማኑ ሄድፎን አድርጎ፣ “ወንድሜ፣ ትንኝ ይዘህ ነው እንዴ የመጣኸው?” አለኝ። ቀጭን ፉጨት ነበር። ቤዝ ካቢኔቱ ላይኛውን ድምፅ ስለማያወጣ ሸፍኖት ኖሯል። ቦርዱን ከሳጥኑ ሌላኛው ጫፍ ወስጄ በአሉሚኒየም ቁራጭ ከለልኩት፣ ግራውንዱን ለብቻው ወደ መግቢያው መለስኩት፣ ከፍተኛው ቮልቴጅ መንገድ ላይ 10 ኪሎኦምና 22 ማይክሮፋራድ ጨመርኩ። አሁን ትሬብሉን እስከ መጨረሻ ካልከፈትኩ አይሰማም። ከከፈትኩ ይሰማል፤ አልዋሽም።

ሳጥኑን ለምትከፍቱ፦ አዳፕተሩ ስለተነቀለ ብቻ ሰላም ነው ማለት አይደለም። ካፓሲተሮቹ 235 ቮልት ይዘው ይቀመጣሉ። ማፍሰሻ ብዬ 220 ኪሎኦም 1 ዋት ሬዚስተር አስሬባቸዋለሁ፤ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ያራግፋቸዋል። እኔ ግን ዛሬም ቴስተሩ ዜሮ ሳያሳየኝ፣ አንዱን እጄን ኪሴ ሳልከት ጣቴን አላስገባም።

መለዋወጫ ቲዩብ ፍለጋ መርካቶ የድሮ ሬዲዮ የሚጠግኑ አንድ አባት ጋ ሄጄ ነበር። ከካርቶን ውስጥ ዘጠኝ እግር ያላት፣ መልኳ ከእኔዋ ጋር አንድ የሆነች ቲዩብ አወጡና፣ “ልጄ፣ ይቺ ልክ ትገባልሃለች፤ ግን ገብታ ትቃጠላለች” አሉኝ። ኢሲሲ85 ነበረች፣ ከአውሮፓ ኤፍኤም ሬዲዮ የወጣች። ሶኬቱ ላይ ልክ ትቀመጣለች፤ ክሯ ግን በ4ኛውና በ5ኛው እግር መካከል 6.3 ቮልት ብቻ ነው የምትፈልገው፣ የእኔ ሳጥን እዚያ 12 ይሰጣታል። የሶቪየቷ 6ኤን2ፒም እንዲሁ ናት። መስታወቷ ላይ 12ኤኤክስ7 ወይም ኢሲሲ83 ካልተጻፈ አትሰኩ። አዲስ የሚመረቱት በዋናነት ከስሎቫኪያ፣ ከሩሲያና ከቻይና ነው፤ በ2022 ሩሲያ ወደ ውጭ መላክ ልትከለክል ነው ሲባል ዋጋው በየቦታው ተተኩሶ ነበር። እኔ ሁለት መለዋወጫ አለኝ፤ አንደኛዋ በጣት ሲነኳት እንደ ደወል ስለምታቃጭል ከባስ ስፒከር አጠገብ አትሆንም፣ ለቤት ትበቃለች።

እስካሁን ያልረካሁበት መውጫው ነው። የሁለተኛው ትራዮድ መውጫ ኢምፒዳንሱ (ለሲግናሉ የሚያሳየው ተቃውሞ) ከፍተኛ ስለሆነ ረጅም ገመድ ሲገጥመው ትሬብሉ ይሞታል፤ ስለዚህ ዲአይውን እግሬ ሥር አድርጌ በአጭር ገመድ እገባለሁ። ሲበራና ሲጠፋም ድው ይላል፤ ሳውንድ ማኑ ቻናሌን ሳይዘጋ ማብሪያውን አልነካም። የሚቀጥለው ሥራዬ መውጫው ላይ አንድ ሞስፌት ፎሎወር (ኢምፒዳንሱን የሚያወርድ ትራንዚስተር) ማስገባትና ድምፁን የሚዘጋ የእግር ስዊች መጨመር ነው፤ ሞስፌቱ ተገኝቷል፣ ለስዊቹ ቀዳዳ የሚሆን ቦታ ሳጥኑ ላይ ይኖር እንደሆነ እየለካሁ ነው።