የድብልቅ መለኪያ በአሮጌ ዲኤክስ ላይ፦ በደሴና በሐረጎ መንገድ የወራት አጠቃቀም ግምገማ

መኪናዬ ኮሮላ ዲኤክስ ናት፤ ሞተሯም 1,290 ሲሲ የሆነው ባለ ካርቡሬተሩ (አየርና ነዳጅ የሚያደባልቀው ክፍል) 4ኬ ነው። ፋብሪካው የሰጣትን የተዘጋ የፊልትሮ ቤት አስነስቼ ክፍት ፊልትሮ፣ ከማኒፎልዱ (ከሞተሩ ጭስ መውጫ) ጀምሮ ደግሞ ሰፋ ያለ የጭስ ቱቦና ቀለል ያለ ማርሚታ ካስገጠምኩ በኋላ፣ ካርቡሬተሩን በጆሮና በካንዴላ ቀለም ብቻ ከማስተካከል ይልቅ በቁጥር እየተመሩ ማስተካከል ይሻላል ብዬ የአየርና የነዳጅ ድብልቅ መለኪያ ገዛሁ። ከመስከረም ወዲህ ደሴ ከተማ ውስጥ፣ ወደ ኮምቦልቻ በሚወስደው የሐረጎ መንገድና ከዚያም ወደ ባቲ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ተጠቅሜበታለሁ። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፦ ፊልትሮውና ማርሚታው ብቻቸውን የሰጡኝ ድምፅ ነው፤ ልዩነቱን ያመጣው መለኪያውን አይተን የቀየርነው ጂግለር፣ ማለትም በካርቡሬተሩ ውስጥ ነዳጁን በቀዳዳው መጥኖ የሚያሳልፈው ትንሽ ዕቃ፣ ነው።

ዕቃው ሁለት ክፍል አለው። አንዱ ጭስ ቱቦው ላይ ቀለበት ተበይዶለት የሚታሰር የቦሽ ኤልኤስዩ 4.9 ሴንሰር ሲሆን፣ ሌላው ዳሽቦርድ ላይ የሚቀመጥ ክብ ማሳያ ነው። ተራው የኦክስጅን ሴንሰር ነዳጁ በዛ ወይም አነሰ ከማለት ብዙም አያልፍም፤ ይህኛው ግን ምን ያህል እንደበዛ በቁጥር ያሳያል። ለአንድ እጅ ቤንዚን በክብደት 14.7 እጅ አየር ሲገባ ነዳጁም አየሩም ሳይተራረፉ ይቃጠላሉ፤ ቁጥሩ ከዚህ ሲያንስ ነዳጁ በዛ፣ ሲበልጥ ነዳጁ አነሰ ማለት ነው፤ ነዳጅ እስከ መጨረሻው ሲረገጥ ግን እንዲህ ያለ ሞተር ጥሩ ጉልበት የሚሰጠው ቁጥሩ ከ12.5 እስከ 13 ባለው ውስጥ ሲሆን ነው።

ስለዚህ ሥራ የሚጻፈው ምክር ሁሉ ማለት ይቻላል ፊልትሮና ጭስ ቱቦ የከፈተ ሰው ጂግለሩንም ማስፋት አለበት ይላል። ምክንያቱም አሳማኝ ነው፤ አየሩ ሲቀልለው ድብልቁ ነዳጅ ያንሰዋል። ጋራዥ ሄጄ ይህንኑ ሳስረዳ ግን መካኒኩ፣ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ሰው፣ «ልጄ፣ ይህን የጻፈው የባሕር ጠረፍ ሰው ነው፤ እኛ ያለነው ጦሳ ተራራ ሥር ነው» አሉኝ። መለኪያው እውነታቸውን አሳየ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ስስ ነው፤ ካርቡሬተር ደግሞ አየሩ በሳሳበት መጠን ነዳጁን አይቀንስም፣ ስለዚህ ለቆላ የተስተካከለ ጂግለር እዚህ ሲመጣ በድብልቁ ውስጥ ያለው ነዳጅ ከአሥር እጅ አንድ ያህል ይበዛል። ፊልትሮውና ማርሚታው ከተከፈቱ በኋላ እንኳ ነዳጁን እስከ መጨረሻው ስረግጥ ማሳያው ከ11.6 ብዙም አልራቀም፤ ካንዴላዎቹም ሲፈቱ ጥቀርሻ ለብሰው ነበር። ስለዚህ ማስፋቱን ትተን ዋናውን ጂግለር ሁለት ቁጥር ዝቅ አደረግነው፣ ቁጥሩም 12.8 ላይ ረጋ። ታይሚንጉንም (ካንዴላው እሳት የሚሰጥበትን ቅጽበት) አየሩ ስስ በመሆኑ ሞተሩ ስለሚችለው በ2 ዲግሪ አስቀደምነው።

ከዚያ በኋላ ሐረጎን ስወጣ ልዩነቱ በግልጽ ይታወቃል፤ ድሮ ወደ ሁለተኛ ማርሽ እወርድበት የነበረውን ጥምዝ አሁን ብዙ ጊዜ በሦስተኛ አልፈዋለሁ። በ100 ኪሎ ሜትር ከ9 ሊትር በላይ የነበረው ፍጆታም ወደ 8 ተጠግቷል፤ ቤንዚን ተሰልፈን በምንቀዳበት ጊዜ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ይሁንና ስሱ አየር የወሰደውን ጉልበት ጂግለር አይመልሰውም። ሞተሩ ደሴ ላይ የሚያገኘው አየር በባሕር ጠለል ላይ ከሚያገኘው በአንድ አምስተኛ ወይም ከዚያ በላይ ያነሰ ነው፤ «እንደ አዲስ ሆነች» የሚል የማርሚታ ነጋዴ ካጋጠማችሁ አትመኑት።

ከመለኪያው ሁሉ የወደድኩት አቀበት ስወጣ ቁጥሩን ማየት ነው። ከኮምቦልቻ ስነሳ ነዳጅ ረግጬ 13.1 የሚያነበው ማሳያ፣ መንገዱ እየተጠማዘዘ ሲወጣ ቀስ እያለ ይወርድና ደሴ መግቢያ ላይ 12.8 ይደርሳል። አሳሳቢው ተቃራኒው አቅጣጫ ነው። ባቲን አልፎ ወደ ሚሌ በሚወስደው ቆላ፣ ከፍታው እስከ 500 ሜትር ገደማ በሚወርድበት ስፍራ፣ ለደሴ የተስተካከለው ጂግለር ጭነት ላይ ወደ 14 ይጠጋል፤ እንዲህ ሲሆን ከሙቀቱ ጋር ተደምሮ ሞተሩ ማንኳኳት ይጀምራል፣ ችላ ከተባለም ፒስቶን ይበላል። ስለዚህ ወደዚያ ስወርድ የፋብሪካውን ጂግለር እመልሳለሁ፣ ታይሚንጉንም ወደ ነበረበት አስደርጋለሁ፤ ካርቡሬተሩን ለሚያውቅ ሰው የአንድ ቡና ጊዜ ሥራ ነው።

መለኪያው እንደሚዋሽም ማወቅ ያስፈልጋል። ኅዳር ላይ ማሳያው ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ ሲሠራ) በድንገት 16 እና 17 ማንበብ ጀመረ፤ ሞተሩ ግን ነዳጅ እንዳነሰው ሞተር አይንቀጠቀጥም ነበር፣ ሐረጎን ስወርድም እግሬን ከነዳጅ ባነሳሁ ቁጥር ማርሚታው ይተኩስ ነበር። ካርቡሬተሩን ከመንካታችን በፊት መካኒኩ ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ሳለ አስነሥተው፣ የሳሙና ውኃ በብሩሽ አድርገው አዲሱ ቱቦ ከማኒፎልዱ ጋር የሚጋጠምበትን ቦታ ቀቡት፤ በአንዱ ቡሎን በኩል አረፋው ፈላ። ጓርኒሲዮኑ (የመጋጠሚያው ማሸጊያ) ተቃጥሎ ኖሮ፣ በስንጥቁ የሚገባው የውጭ አየር ሴንሰሩን አታሎታል። ጓርኒሲዮኑ ሲቀየር ቁጥሩም ተኩሱም ተስተካከሉ። በዚያች ቁጥር ተመርቶ ጂግለር ያሰፋ ሰው ቤንዚኑን በከንቱ ያቃጥል ነበር።

ክፍቱ ፊልትሮ ግን አሁንም አልማረከኝም። ከኮፈን ሥር የሚስበው አየር የሞተሩን ሙቀት የያዘ በመሆኑ፣ ከተሳቢ ኋላ አቀበት ላይ ሲታዘግሙ ጉልበቱ ይቀንሳል። ቆርቆሮ ሠሪ ዘንድ መጋረጃ አሠርቼ፣ ከፊት ግሪሉ አየር የሚያመጣ ቱቦ ሳስገባለት ተሻለው፤ እንዲህ ሲሆን ግን ያው የፋብሪካውን የፊልትሮ ቤት መልሶ እንደ መሥራት ነው። የማርሚታውን ድምፅ ጎረቤቶቼ ለምደውታል፣ እኔ ገና ነኝ።

በመለኪያው ላይ ያለኝ ቅሬታ ጥቂት ነው። ማሳያው ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲያርፍበት አይነበብም። የኔጋቲቭ ሽቦው ከቦዲ ጋር በደንብ ካልታሰረ መብራት ሲበራ ቁጥሩ ይዘላል። ሴንሰሩ ከአግድም ቢያንስ 10 ዲግሪ ቀና ብሎ መታሰር አለበት፤ ተኝቶ ወይም ወደ ታች ከታሰረ በቀዝቃዛ ጠዋት ቱቦው ውስጥ የሚጠራቀመው ውኃ የጋለውን ሴራሚክ ይሰነጥቀዋል፣ የደሴ ጠዋት ደግሞ ምን እንደሚመስል የምታውቁት ነው። መለዋወጫ ሴንሰር እዚህ ፈልጌ ስላላገኘሁ ከውጭ ለሚመጣ ዘመድ ማዘዝ ግድ ነው።

መኪናው ከደሴ የማይወጣ ሰው ለዚህ ዕቃ ገንዘቡን ማውጣት አያስፈልገውም፤ መለኪያ ካለው ጋራዥ አንድ ጊዜ ቢያስለካና ጂግለሩን ቢያስቀይር ይበቃዋል፣ ቀለበቱም ከተበየደ በኋላ በቡሎን ተዘግቶ ሊቀመጥ ይችላል። ሴንሰሩን ቱቦው ላይ ትቶ መለኪያውን አጥፍቶ መንዳት ግን አይሆንም፤ በሴንሰሩ ውስጥ ያለው ማሞቂያ ካልሠራ ጥቀርሻው ሴንሰሩን ያበላሸዋል።