አረንጓዴ ስለሆነ ብቻ አትግዙ፤ የግራይንደር ድንጋይ ላይ የመጣ ማጭበርበር

ቶርኖ ቤት ያላችሁ፣ ብረታ ብረት የምትሠሩ፣ ይቺን ሳታነቡ መርካቶ አትውረዱ።

ሰሞኑን አንድ ጓደኛዬ አረንጓዴ የግራይንደር ድንጋይ ይዞ መጣ። «ሲሊኮን ካርባይድ (በጣም ጠንካራ የመሳያ ቅንጣት) ነው፣ ኦሪጅናል» ተብሎ የተለመደውን ነጭ ድንጋይ እጥፍ ከፍሎበታል። ካርባይድ ጫፍ (ከተራ ብረት በጣም የሚጠነክር የመቁረጫ ጫፍ) ያለውን የቶርኖ ቢላ ሲያስጠጋው ያፏጫል እንጂ አይበላም። ጫፉ ይግላል፣ የድንጋዩ ፊት ደግሞ ሻካራነቱን ያጣል። የቢላውን የብረት መያዣ ግን እንደ ቅቤ ይቆርጠዋል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው! እውነተኛው አረንጓዴ ድንጋይ የካርባይዱን ጫፍ ይበላዋል፣ ተራ ብረት ላይ ግን ራሱ ቶሎ ያልቃል።

ጎኑ ላይ ያለውን ክብ ወረቀት አየነው። ሌላ ወረቀት ተለጥፎበታል። ጠርዙን በጥፍር ላጥ ስናደርገው ከሥሩ በእንግሊዝኛ ፊደል «ደብሊው ኤ 60» የሚል ወጣ። ይህ ነጭ አሉሚኒየም ኦክሳይድ ነው። አረንጓዴው ቀለም ቅንጣቶቹን የሚያጣብቀው ማስያዣ ውስጥ የተቀላቀለ ነው እንጂ የድንጋዩ አይደለም።

አሉሚኒየም ኦክሳይድ በራሱ ክፉ ዕቃ አይደለም፤ ለብረት የተሠራ ነው። ሲሊኮን ካርባይድ ግን ከእሱ ይጠነክራል። አሜሪካዊው ኤድዋርድ አቺሰን እ.ኤ.አ. በ1891 ካገኘው ጀምሮ የሚሠራው አሸዋና ኮክ በኤሌክትሪክ ምድጃ ከ2,000 ዲግሪ በላይ ተግሎ ነው። አረንጓዴው ደግሞ ይበልጥ ንጹሕ ጥሬ ዕቃ ይፈልጋል። ውድ የሆነው ለዚህ ነው፤ አጭበርባሪው የሚያተርፈውም እዚህ ጋ ነው።

የድንጋዩ ብር እንኳ ይቅር። ትልቁ ኪሳራ ቢላው ላይ ነው። የማይበላ ድንጋይ ላይ የተጫኑት ካርባይድ በሙቀት ይሰነጠቃል፤ ግሎ ውሃ ውስጥ ከነከሩት ደግሞ አለቀለት።

ሻጩ «እዩ» ብሎ መስታወት ቢጭርላችሁ እንዳትሸወዱ። ነጩም ቢሆን መስታወት ይጭራል፤ ይሄ ምንም አያረጋግጥም። ይልቅ ጽሑፉን አንብቡ። እውነተኛው «ጂ ሲ» ይላል፣ ጥቁሩ ሲሊኮን ካርባይድ «ሲ» ብቻ። ቀጥሎ የሚመጣው ቁጥር የቅንጣቱ መጠን ነው፤ 60 ሻካራ፣ 120 ደቃቅ። በዋናው ወረቀት ላይ ሌላ ወረቀት ከተለጠፈ የላይኛውን ላጥ አድርጉት፤ ሻጩ ከተቆጣ መልሱን አግኝታችኋል። በስልካችሁ ካሜራም አቅርባችሁ እዩት። በእውነተኛው ውስጥ ቅንጣቶቹ ራሳቸው አረንጓዴና አብረቅራቂ ናቸው። በተቀባው ውስጥ ግን ነጭ ቅንጣት በአረንጓዴ ማስያዣ መሀል ተሰግስጎ ታያላችሁ። ደረሰኙ ላይም «ድንጋይ» ብቻ ሳይሆን «ጂ ሲ» ብሎ እንዲጽፍ አድርጉ። አልጽፍም ካለ ሌላ ሱቅ ሞልቷል።

የገዛችሁት ካለ አትጣሉት፤ ለድሪል ፑንታ መሳያ በደንብ ይሠራል። ግን መጀመሪያ የተጻፈበትን የፍጥነት ገደብ ከማሽናችሁ ጋር አስተያዩ። በደቂቃ 2,850 ጊዜ በሚዞር ግራይንደር ላይ የ200 ሚሊሜትር ድንጋይ ጠርዝ በሰከንድ 30 ሜትር ገደማ ይበራል። ከዚያ ጣታችሁን ቀዳዳው ውስጥ ከትታችሁ አንጠልጥሉትና በእንጨት እጀታ ቀስ ብላችሁ ምቱት። ጥርት ያለ ድምፅ ካልሰጠ ስንጥቅ ሊኖረው ይችላል። የፍጥነት ገደቡ ጭራሽ ካልተጻፈበት ወይም ተለጣፊው ሸፍኖት ካጠፋው ማሽን ላይ አትግጠሙት፤ መልሱለትና ብራችሁን ጠይቁ።