ፕራይሜት ማለት ጎሪላ ማለት አይደለም

ከሩዋንዳ ከተመለስን ዛሬ 4ኛ ቀናችን ነው። ንዴቱ አልበረደልኝም። ሳይበርድልኝ ልጻፈው ብዬ ነው የተቀመጥኩት። ከበረደልኝ «ተወው በቃ፣ አንዴ ሆኗል» ብዬ እንደማልፈው ራሴን አውቀዋለሁ።

የጉዞ ሻጩን ታውቁታላችሁ። ስሙን አልጠራም፣ ግን ታውቁታላችሁ። ቴሌግራም ላይ ቻናል አለው። ዱባይ፣ ዛንዚባር፣ ሲሸልስ ይላል። በየሳምንቱ «የመጨረሻ 2 ቦታ» ይቀረዋል። ቢሮው ሊፍቱ የማይሠራ ሕንፃ 5ኛ ፎቅ ላይ ነው። ግድግዳው ላይ የዓለም ካርታ፣ ጠረጴዛው ላይ ትንንሽ ባንዲራዎች። እያለከለካችሁ ስትገቡ የታሸገ ውሃ ይሰጣችኋል። «የኔ ጌታ» ይላችኋል። ግማሹን አሁን፣ ግማሹን ከጉዞው አንድ ሳምንት በፊት። እስከዚህ ድረስ ለማንም አዲስ አይደለም።

ለእኔ የሸጠልኝ ጎሪላ ነው። ማለቴ፣ የሸጠልኝ መስሎኝ ነበር።

እኔና ባለቤቴ ከተጋባን 10 ዓመት ሞላን። ጫጉላ የሚባል ነገር አላየንም። «ሲደላን እንሄዳለን» ስንል ልጆች መጡ፣ የቤት ኪራይ መጣ። ዘንድሮ ዕቁብ ወጣልኝና «በቃ፣ አሁን ካልሄድን መቼም አንሄድም» ተባባልን። እሷ ባሕር ፈልጋ ነበር። ጎሪላ ያልኩት እኔ ነኝ። ይህንንም ልብ በሉልኝ።

የአውሮፕላን ቲኬቱን ራሳችን ቆርጠን፣ ለቀሪው 240 ሺህ ብር ከፈልን። ዋጋው ለምን እንዳላጠራጠረኝ ልንገራችሁ። የሩዋንዳ የጎሪላ ፈቃድ ለውጭ አገር ሰው ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነፍስ ወከፍ 1,500 ዶላር ነው። ይህን አንብቤያለሁ። ለአፍሪካ ዜጎች ቅናሽ መኖሩንም አንብቤያለሁ። ስለዚህ ሰውዬው ዋጋውን ሲነግረኝ፣ «አሃ፣ በአፍሪካ ቅናሽ አስልተኸው ነው» አልኩት። ራሴ ጠይቄ ራሴ መለስኩለት። እሱ ፈገግ አለና «የኔ ጌታ፣ ሁሉም ነገር ተካቷል» አለ። ከዚያ ደረሰኝ ቆረጠ።

የሰጠን ወረቀት 3 ገጽ ነው፣ ማኅተም ያለው። ከላይ ጀርባው የነጣ ትልቅ ወንድ ጎሪላ ፎቶ አለ። ከሥሩ በእንግሊዝኛ «ቀን 2፦ ፕራይሜት ትሬኪንግ፣ ቮልካኖስ ብሔራዊ ፓርክ። ቀን 3፦ የተራራ ሃይኪንግ» ይላል።

ባለቤቴ ወረቀቱን አገላብጣ አየችው። «ፕራይሜት ምንድን ነው?» አለችኝ።

«ጎሪላ ነዋ! ሲያሳምሩት ነው» አልኳት።

ይህቺን መልስ ሌሊት ሌሊት እየሰማኋት ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ወር የኖርኩት በጎሪላ ነው። ቢሮ ውስጥ ያልነገርኩት ጥበቃውን ብቻ ነበር፣ ለእሱም በኋላ ነገርኩት። ያላነበብኩት የለም። በዓለም ላይ የቀሩት የተራራ ጎሪላዎች ከ1,000 ትንሽ እንደሚበልጡ፣ በአራዊት ማቆያ ውስጥ አንድም እንደሌለ፣ በአንድ ቡድን ከ8 ጎብኚ በላይ እንደማይገባ፣ ካገኛችኋቸው በኋላ 1 ሰዓት ብቻ እንደሚፈቀድ። ጉንፋን የያዘው ሰው እንደሚመለስም አነበብኩ፣ የሰው ጉንፋን ለእነሱ አደገኛ ስለሆነ። ባለቤቴ ከጉዞው በፊት ባለው ሳምንት ሁለቴ አስነጠሰች። አበድኩ። 7 ቀን ሙሉ ነጭ ሽንኩርት በማር አስዋጥኳት። ምስኪን፣ ለጦጣ ብላ።

ኪጋሊን አላማርርም። ከተማዋ ንጹሕ ናት፣ ሰዉ ጨዋ ነው። ሾፌራችን ከአየር ማረፊያ ተቀብሎን በዚያው ቀን ፓርኩ አጠገብ ወዳለችው ሙሳንዜ ከተማ ወሰደን። ማምሻውን ደመናው ገለጥ ሲል የቪሩንጋ ተራሮች ታዩ። ሳቢንዮ የሚሉት ተራራ አናቱ ወጣ ገባ ነው። ስሙ በእነሱ ቋንቋ ከሽማግሌ ጥርስ ጋር የተያያዘ ነው፣ ስታዩት በእርግጥም ጥርሱ የወላለቀ አዛውንት ይመስላል። ደስ ብሎኝ ሾፌሩን «ነገ ጎሪላዎቹ ሩቅ ናቸው ወይስ ቅርብ?» አልኩት። በመስታወቱ አየኝ። ዝም አለ። እንግሊዝኛዬ አልገባው ይሆናል ብዬ ደግሜ፣ ቀስ ብዬ ጠየቅኩት። «ነገ አስጎብኚዋ ትነግርሃለች» አለኝ።

ያቺ ዝምታ ነበረች መልሱ። ግን ሰው ገንዘቡን ከከፈለ በኋላ ዝምታ አይሰማም።

በማግስቱ በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ኪኒጊ ደረስን፣ የፓርኩ ዋና መሥሪያ ቤት ያለበት ቦታ ማለት ነው። ብርድ ነው፣ ጭጋግ ነው። ሜዳው በጎብኚ ተሞልቷል። ጥቁር ቡናዬን ይዤ ቆሜ ባለቤቴን ፎቶ አነሳኋት። ያ ፎቶ አሁንም ስልኬ ላይ አለ። እንዴት እንደምትስቅ ብታዩ።

ሾፌሩ ፓስፖርታችንን ወስዶ ተሰለፈ። ተመልሶ ወደ አንድ ቡድን ጠቆመን። አረንጓዴ የደንብ ልብስ የለበሰች አስጎብኚ በክብ አቆመችን። እንኳን ደህና መጣችሁ አለች። ከዚያ በፕላስቲክ የታሸገ ትልቅ ፎቶ አወጣች። ጀርባዋ ወርቅማ የሆነ ጦጣ ናት።

እኔ ሳቅኩ። እውነቴን ነው። መግቢያ መስሎኝ ነው። ዛሬ በመንገዳችን ላይ እነዚህንም እናያለን የምትል መስሎኝ። እሷ ቀጠለች። የሚኖሩት ቀርከሃ ውስጥ ነው፣ በጣም ፈጣን ናቸው፣ ካገኘናቸው 1 ሰዓት አብረናቸው እንቆያለን አለች። ሰዉ ራሱን ይነቀንቃል። ባለቤቴ እጇን አወጣች፣ እንደ ተማሪ። «ጎሪላዎቹስ ስንት ሰዓት ላይ ናቸው?»

ክቡ ውስጥ ያሉት ፈረንጆች ሁሉ ዞረው አዩን። አንዷ አሮጊት ፊቷ በሐዘን ተጨማደደ። ያ ነው የገደለኝ። ንቀት ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

አስጎብኚዋ ፈቃዳችንን ተቀበለችኝ። ጣቷን በስሜ ሥር ቀስ አድርጋ አስኬደችና አንድ መስመር ላይ አቆመች። «ወርቃማ ጦጣ» ይላል፣ በጠራ እንግሊዝኛ። ስሜ ትክክል ነው። የፓስፖርት ቁጥሬ ትክክል ነው። የባለቤቴም እንዲሁ። ምንም ስሕተት የለውም ወረቀቱ። ከጎናችን የጎሪላዎቹ ቡድኖች 8፣ 8 እየሆኑ በትራቸውን ይዘው ወደ መኪናቸው ይሄዳሉ። ጠረጴዛው ጋ ሄጄ «ልጨምር፣ ልቀይረው» አልኩ። የዛሬው ሞልቷል አሉኝ፣ በትሕትና። ለቀኑ ያለው ፈቃድ ውስን ነው፣ ሰው ከወራት በፊት ነው የሚይዘው።

አዲስ አበባ ደወልኩ። በ3ኛው አነሳው።

«ሰላም የኔ ጌታ! ሩዋንዳ እንዴት ነው?»

«ጎሪላው የታለ?»

«የምን ጎሪላ?»

«የከፈልኩበት ጎሪላ!»

ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ፣ ለልጅ እንደሚያስረዳ ሰው ረጋ ብሎ፣ «ወንድሜ፣ ፕሮግራምህ ፕራይሜት ነው የሚለው። ጦጣም እኮ ፕራይሜት ነው። ወረቀቱን አላነበብከውም እንዴ?» አለኝ።

ከኋላው ሰው ሲስቅ ሰማሁ። በእኔ ይሁን በሌላ አላውቅም። ስልኩን ዘጋሁት።

ማታ ሆቴል ገብቼ የላከልኝን የድምፅ መልእክት በሙሉ ከመጀመሪያው ጀምሮ አዳመጥኩ። 23 ነው። እመኑኝ፣ ሰውዬው አንድም ጊዜ ጎሪላ የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም። «እነሱን»፣ «እዚያ ያሉትን»፣ «እንስሳዎቹን» ነው የሚለው። ጎሪላ የምለው ሁሌም እኔ ነኝ። እሱ «አዎ የኔ ጌታ» ነው። እንደዚህ ዓይነት ጥንቃቄ በአንድ ቀን አይመጣም። ከእኔ በፊት ስንት ሰው ላይ ተለማምዶበት ይሆን?

ጦጣዎቹን አየናቸው ወይ? አየናቸው። ሐቁን ልናገር፣ ያምራሉ። ድንች ማሳ አቋርጠን፣ የድንጋዩን አጥር ተሻግረን፣ ሳማ እየለበለበን ቀርከሃው ውስጥ ገባን። ጀርባቸው ላይ ፀሐይ ሲያርፍ እሳት ይመስላሉ። በሌላ ቀን ቢሆን እደሰት ነበር። ያን ቀን ግን ጭንቅላቴ ውስጥ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ጦጣ ለማየት እኮ ሐዋሳ አሞራ ገደል በቂ ነበር። እዚያ እንዲያውም እነሱ ናቸው ሙዝ ከእጅህ ነጥቀው የሚያዩህ። ከሌላ አገር የማይገኝ ካልን ደግሞ ሰሜን ተራሮች ላይ ጭላዳ አለልን፣ ከኢትዮጵያ ውጪ በዱር የትም የሌለ። ዕቁቤን ይዤ ድንበር የተሻገርኩት ለጎሪላ ነበር።

የ3ኛው ቀን «የተራራ ሃይኪንግ» ብዙ አያስወራም። እኔ ቢሶኬ የሚባለውን ተራራ የምንወጣ መስሎኝ ነበር፣ 3,711 ሜትር፣ አናቱ ላይ ሐይቅ ያለው። ለእሱም የራሱ ክፍያ አለው፣ አልተከፈለም። ሾፌሩ በገጠር መንገድ አንድ ሰዓት አንሸራሸረን። ተራራውን ከሩቅ አየነው። ሃይኪንግ ተባለ።

ትናንት ቢሮው ሄድኩ። 5ኛ ፎቅ፣ በእግሬ። ውሃ የሰጠኝ የለም። እሱ «መስክ ነው» ተባለ። ጫማው ግን ከውስጠኛው ክፍል በር ሥር ይታያል። እንግዳ ተቀባይዋ ስልኳን እየነካካች ሰማችኝና፣ «ቅሬታዎን በጽሑፍ ያስገቡ፣ ለቀጣይ ዛንዚባር 10 በመቶ ቅናሽ እናደርግልዎታለን» አለችኝ። ከጎኔ ሁለት ወጣቶች ተቀምጠዋል፣ እጮኛሞች መሰሉኝ። ፊታቸው ያቺው ወረቀት፣ ያው ጎሪላ። «ጎሪላ ነው የተባላችሁት?» አልኳቸው። ልጁ «አዎ» አለ በኩራት፣ ልክ እንደ እኔ። እንግዳ ተቀባይዋ ከወንበሯ ብድግ ብላ «ጋሼ፣ ደንበኛ አይረብሹ!» ብላ ጮኸችብኝ።

ፊርማው ሳይደርቅ ነበር የደረስኩት። ወረቀቱን አስነበብኳቸው። ወጡ። እኔን የሚያስደስተኝ እሱ ብቻ ነው፣ ብሬ አልተመለሰም።

ለምትሄዱ ሰዎች፦ የፕሮግራም ወረቀት ፈቃድ አይደለም። ፈቃዱ ላይ የእንስሳው ስም በግልጽ ይጻፋል፣ ቀሪውን ግማሽ ከመክፈላችሁ በፊት ቅጂውን አምጣ በሉት። ተራራ የምትወጡ ከሆነ የተራራውንም ለብቻ ጠይቁ። የሩዋንዳ መንግሥት ፈቃዱን በኢንተርኔት ራሱ ይሸጣል፣ ዋጋውን እዚያ እዩት።

ከዚሁ ሰው የገዛችሁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ደረሰኙንና 23ቱን የድምፅ መልእክት ይዤ ሰኞ ንግድ ቢሮ ልሄድ ነው፣ ብቻዬን ከምሄድ ብንበዛ ይሻላል።