ለሚያመልጥ የኮፈን ገመድ የገዛኋት የናስ ማሰሪያ

የአሮጌ መኪናዬ የኮፈን መክፈቻ ገመድ እያመለጠ ሲያስቸግረኝ፣ ገመዱን ሙሉ በሙሉ ከመቀየሬ በፊት ጫፉን በብሎን ጨብጣ የምትይዝ አንዲት ትንሽ የናስ ማሰሪያ ገዝቼ ገጠምሁ። ማሰሪያዋ የገመዱ የውስጥ ሽቦ የሚያልፍበት ቀዳዳና ከጎን የሚጫነው ብሎን ያላት ስትሆን፣ ሥራዋም ከሽቦው ጫፍ ላይ የወለቀውን የፋብሪካ እንክብል፣ ማለትም ሽቦው ከቦታው እንዳያመልጥ የሚይዘውን ትንሽ የብረት ድቡልቡል፣ መተካት ነው።

ይህችን ዕቃ የሚገዛ ሰው አስቀድሞ የሚንሸራተተው ምን እንደሆነ መለየት አለበት። ኮፈኑ ክፍት ሆኖ አንድ ሰው ከውስጥ እጀታውን ሲስብ ሌላው ኮፈኑን ዘግቶ የሚይዘው ቁልፍ አጠገብ ቆሞ ቢመለከት፣ የገመዱ የውጭ ሽፋን ከሽቦው ጋር አብሮ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ጥፋቱ ሽፋኑን ከመኪናው አካል ጋር የሚያስረው መያዣ ላይ ስለሆነ ማሰሪያዋ ምንም አትፈይድም። ሽፋኑ ባለበት ረግቶ ሽቦው ብቻ ከቁልፉ ክንድ፣ ማለትም ሲሳብ ቁልፉን ከሚከፍተው ዘንግ፣ የሚያመልጥ ከሆነ ግን መፍትሔው እርሷ ናት፤ የእኔም ችግር ይኸው ነበር።

አያያዟ ጥብቅ ነው። ቅር ያሰኘኝ የብሎኗ ጫፍ ሹል መሆኑ ነው፤ ሽቦው ከብዙ ቀጫጭን ክሮች የተገመደ በመሆኑ፣ በመጀመሪያው ሙከራዬ ሳጠብቀው ሁለት ክሮች ተበጠሱብኝ። ጫፉን በሞረድ ጠፍጣፋ ካደረግሁት በኋላ ግን ክሮቹን ሳይቆርጥ እኩል ተጭኖ ያዛቸው።

ከዚህ የሚከብደው ጉድለት አብሯት የመጣው መመሪያ ሽቦውን «በደንብ ወጥረህ እሰር» ማለቱ ነው። ሽቦው ከመጠን በላይ ከተወጠረ የቁልፉ ክንድ ወደ ቦታው ሙሉ በሙሉ ስለማይመለስ ኮፈኑ በግማሽ ብቻ ይቆለፋል፤ ቁልፉ ቢለቅ ኮፈኑን የሚይዘው የደኅንነት መንጠቆም ካረጀ ኮፈኑ በጉዞ ላይ ተነሥቶ የሹፌሩን እይታ ሊጋርድ ይችላል። ስለዚህ እኔ ጥቂት ሚሊሜትር ላላ አድርጌ አሰርሁት፤ ኮፈኑንም ከመዝጋቴ በፊት ቁልፉን በካቻቢቴ ተጭኜ ቆለፍሁና እጀታውን ደጋግሜ በመሳብ መልቀቁን አረጋገጥሁ። ይህ ሙከራ መዘለል የለበትም፤ ኮፈኑ ከተዘጋ በኋላ ማሰሪያዋ ብታመልጥ ቁልፉን በቀላሉ መድረስ አይቻልምና።

ቁልፉ ዝጎ ወይም የቁልፉ ሞላ (ስፕሪንግ) በደረቀ ግሪስ ተይዞ ከሆነ፣ እጀታው በተሳበ ቁጥር ገመዱ ላይ የሚያርፈው ጫና ስለሚበዛ ማሰሪያዋም ትንሸራተታለች። እኔ ቁልፉን አጥቤ አዲስ ግሪስ ከቀባሁት ወዲህ እጀታው በሁለት ጣት ይሳባል፣ ማሰሪያዋም ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። ሽቦው ሽፋኑ ውስጥ ተበጣጥሶ ለሚጎረብጥበት ሰው ግን ይህችን ዕቃ አልመክርም፤ እርሱ ሙሉውን ገመድ ይቀይር።